አንቀልባና አይሶፊክስ

ጎንደር ላይ ሕፃን በክብር መኪና የሚሳፈረው ክርስትና ሊነሣ ሲሄድ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ። ከሆስፒታል የመጣበት ቀን አይቆጠርም፤ ያን ዕለት ሰው ሁሉ የሚያየው አራሷን ነው። የክርስትናው ዕለት ግን ቪትዟ ከሌሊት ጀምሮ ታጥባ ትቆማለች። ከኋላ አክስት በግራ፣ የክርስትና እናት በቀኝ፣ እማማ መሃል፤ ሕፃኑ ደግሞ እማማ ጭን ላይ። ይህ ጭን ዙፋን ነው። ፋሲል ግንቡን ከማሠራቱ በፊትም የነበረ ዙፋን።

አሁን ተቀናቃኝ ተነሥቶበታል፤ አክስት ከውጭ አገር እንደ አንድ ሻንጣ አስቆጥራ ያመጣችው፣ ሕፃን መኪና ውስጥ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ወንበር፣ ካርሲት።

«ሰባት ልጅ በአንቀልባ አዝዬ ሳሳድግ አንዱም ከጀርባዬ አልወደቀ። አሁን ልጁን እንደ ገበያ ዶሮ ልትጠፍሩት ነው?» ይላሉ እማማ። የሚያስቀው ነገር ስለ አንቀልባው እውነታቸውን መሆኑ ነው። አንቀልባ ልጅ የማይጥለው ጠበቅ ተደርጎ ስለሚታሰር፣ ቆዳው ሳይበላ ስለሚታይ፣ በልጁ ልክ ስለሚሆን ነው። ካርሲትም ከዚህ የተለየ ሃይማኖት የለውም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድ ቪትዝ ሳትለፋ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ትገባለች። በዚህ ፍጥነት ከቆመ አይሱዙ ጋር ተላትማ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት ብትቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነውን ሕፃን ባለበት ለማስቀረት ከ200 ኪሎ በላይ የሚያነሣ ክንድ ያስፈልጋል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለው ጎረምሳ ተሸካሚ እንኳ አንዱን ኩንታል ትከሻው ላይ ለማውጣት ሰው ይጠራል። «እንግዲያስ ቀበቶውን ለእኔም ለልጁም አንድ ላይ እሰሩት» የሚለው መላ ደግሞ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ልጁን ቀበቶው ላይ የሚጨፈልቁት ራሳቸው እማማ ይሆናሉ።

ምርጫው የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። አጎት ዋጋ ይጠይቃል፤ አክስት ከመጋረጃው ጋር የሚሄድ ቀለም ታያለች፤ አንዱ ጎረምሳ የጡጦ ማስቀመጫ እንዳለው ይመረምራል። ሕፃኑን የመዘነ፣ የመኪናዋን ወንበር የዳሰሰ ግን የለም። ከሁሉም የሚያሸንፈው «ከልደት እስከ 36 ኪሎ» የሚል የተጻፈበት ነው፤ ምክንያቱም ያድግበታል። ጫማ የገዛንለት፣ ኮት ያሰፋንለት በዚሁ «ያድግበታል» ነው። ካርሲት ግን ዛሬ በልኩ ካልሆነ አይሠራም። ፊቱን ወደ ኋላ ለሚቀመጥ ሕፃን የትከሻ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ መውጣት አለበት። ዝቅተኛው ቀዳዳ ከትከሻው በላይ ከሆነ ወንበሩ የዚያ ልጅ አይደለም።

እንግዲህ ወንበሩ ይገልበጥና ጽሑፉ ይነበብ። የአውሮፓው ወንበር ብርቱካንማ ወረቀት ይኖረዋል፤ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የአገር ቁጥር ያለበት። «አር 44» የሚለው የደኅንነት ደንብ በኪሎ ነው የሚለካው፤ እስከ 13 ኪሎ የጨቅላ፣ ከ9 እስከ 18 ኪሎ የተከታዩ፣ ከዚያ በላይ ለትልልቆቹ። አዲሱ «አር 129» የሚሄደው በቁመት ነው። የአሜሪካው በፓውንድ ስለሚጻፍ ለ2.2 ማካፈል ነው፤ ሳያካፍሉ 40 ፓውንድን 40 ኪሎ ብለው ያነበቡ አጎቶች ሞልተዋል። ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የተሠራበት ቀን ታትሟል፤ አምራቾቹ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው የሚሰጡት። ፕላስቲክ ጠጅ አይደለም፣ ሲቆይ አይጥምም። «አንዴ ብቻ፣ ያውም ትንሽ ነው የተጋጨው» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ወንበር ደግሞ በነጻም ውድ ነው፤ ስንጥቁ ከጨርቁ ሥር አይታይም።

ከዚያ ትልቁ ጠብ ይመጣል። ጨቅላ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ ነው የሚታሰረው፣ ከፊት የተቀመጡት አባባ ደግሞ ይህን አልወደዱትም። «ለአያቱ ጀርባ መስጠት ከአሁኑ አስተማራችሁት!» የሕፃን ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ የአዋቂ አንድ ስምንተኛ ገደማ። አንገቱም ገና ለጋ ነው። ወደ ፊት ተዞሮ ግጭት ቢመጣ ደረቱ ታስሮ ይቀራል፣ ያ ከባድ ራስ ብቻውን ይወረወራል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ራስ፣ አንገትና ጀርባ አንድ ላይ ወንበሩ ላይ ይደገፋሉ። በ«አር 129» ደንብ ከ15 ወር በታች ማዞር አይፈቀድም፤ ወንበሩ የሚችለው ከሆነ እስከ 4 ዓመት ቢቆይ ይመረጣል። «እግሩ ታጠፈ» የሚለው ክስ ውድቅ ነው፤ ልጅ እግሩን አጣጥፎ መቀመጥ ይወዳል። የሚለካው ራሱ ነው፤ ከወንበሩ ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ወንበር ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣ የአየር ከረጢት) ካለበት የፊት ወንበር ላይ ማድረግ ግን ጨርሶ አይሞከርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ የልጁን ራስ ደግፎ የያዘውን ጀርባ ነው።

ማሰሩ የሚጀምረው በቁፋሮ ነው። የቪትዟ የኋላ ቀበቶ መቆለፊያ ከተገዛች ጀምሮ ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሯል፤ ሲወጣ ሁለት ሳንቲም፣ ግማሽ ዳቦ ቆሎና የጠፋው ቁልፍ አብረው ይወጣሉ። የወንበር ልብሱ ይነሣ፣ ያንሸራትታል። ከዚያ በመደገፊያውና በመቀመጫው መገናኛ ጣት አስገብቶ 28 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች መፈለግ ነው፤ አይሶፊክስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ካሉ ወንበሩ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከሌሉ በመኪናው ቀበቶ ይታሰራል፤ ብዙ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ለሚዞረው በሰማያዊ፣ ወደ ፊት ለሚዞረው በቀይ ምልክት በተሰጠው መንገድ። የአክስት ስጦታ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ወንበር ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው እስከ ጫፉ ተጎትቶ ሲለቀቅ የሚቆልፍ ቀበቶ ነው፤ የእኛዎቹ መኪኖች ቀበቶ ግን ብዙ ጊዜ ሲነጠቅ ብቻ የሚይዝ፣ ቀስ ሲሉት የሚለቅ ነው። ስለዚህ ቀበቶውን ነክሶ እንዳይላላ የሚይዝ የራሱ መንከሻ ያለው ወንበር ይመረጥ። ከዚያ ጉልበትን ወንበሩ ላይ ተጭኖ ቀበቶውን መሳብ፤ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲወዘውዙት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልታሰረም። ፊቱን ወደ ፊት ላደረገ ወንበር ከአናቱ የሚወጣ ሌላ ማሰሪያ አለ፤ ለቅኔ ተማሪ ማሰሪያ አንቀጽ ብንለው ይገባዋል፣ ያለ እሱ ነገሩ አላለቀም። ሰው ግን የዕቃ ማሰሪያ ቀለበት ላይ ያንጠለጥለዋል።

ጋቢው ቀረ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ጠዋት ትበርዳለች፤ እማማም ልጁን አራት ድርብ ጋቢ ጠቅልለው ነው የሚያስረክቡት። በጋቢው ላይ የጠበቀ ማሰሪያ ግጭት ሲመጣ ጥጡ ተጨፍልቆ ይላላል። ያላመነ ልጁን ከነጋቢው አስሮ፣ ማሰሪያውን ሳይነካ አውጥቶ፣ ጋቢውን አውልቆ ይመልሰው፤ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ያያል። በስስ ልብስ ታስሮ ጋቢው ከላይ ይደረብለት። ከዚያ ትከሻው ላይ ማሰሪያውን ጨው እንደሚቆነጥሩ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ነው፤ ከታጠፈ ላልቷል። ይህን ፈተና እማማ ከመካኒኩ ቀድመው ተረዱት። የአንቀልባ እጅ ነዋ! ወደ ባሕር ዳር ከሆነም ከሁለት ሰዓት በላይ ወንበሩ ውስጥ አይቆይ፤ የጨቅላ ራስ ወደ ደረቱ ሲያዘነብል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ወርዶ ይታቀፍ። ባጃጅን በተመለከተ፣ ካርሲት የሚታሰርበት ቦታ የለውም።

ወንበሩ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ስለያዘ ከኋላ አንድ ሰው መውረድ ነበረበት። እማማ አይነኩም፣ የክርስትና እናት አይነኩም፤ ስለዚህ ወንበሩን ያመጣችው አክስት በባጃጅ ተከተለች። ቪትዟ ተነሣች። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ሲታይ አባባ ከፊት ሆነው ቀበቶውን ጎተቱና ደረታቸው ላይ በእጃቸው ያዙት።

«ኧረ ይቆልፉት!» አሉ እማማ ከኋላ፣ ሁለት ጣታቸውን ወደ አባባ ትከሻ እየሰደዱ። «ቀጭ ሲል አልሰማሁም።»