ለይሰረዝልን ባዮች የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በጎንደሩ ሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ውሃ የሚጠብቁ ባዶ ጀሪካኖች የተሰለፉበትን ፎቶ «ዛሬም አልመጣም» ከሚሉ ሁለት ቃላት ጋር ለጠፉ፤ ሰዓት ሳይሞላው ተሰረዘ። መሰረዙስ ብርቅ አይደለም። የነካኝ «ለሰላም ሲባል ተነሥቷል» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር የተደረደረው ምርቃት ነው፤ አንዱ «ተገቢ እርምጃ» ሲል፣ ሌላው «እንዲያውም ዘግይቷል» ብሎ ወቀሰ። መራቂዎቹ ያን ዕለት ማለዳ እዚያው ሰልፍ ላይ ጀሪካናቸውን ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ጨዋነት ሳይወደስ እንዳይቀር ብዬ ይህን ጽሑፍ ለይሰረዝልን ባዮች አበርክቻለሁ።

ይሰረዝልን ባይ ከእኛ ከተራዎቹ በብዙ ይበልጣል። እኛ ያልወደድነውን ጽሑፍ አይተን እናልፋለን፣ ወይም መልስ እንሰጣለን፤ እርሱ ግን መልስ መስጠት ራስን ማሰብ ላይ ስለሚጥል ሪፖርት አድርጎ፣ ወዳጆቹንም አስተባብሮ ሪፖርት አስደርጎ በሰላም ይተኛል። ሕግም ከጎኑ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። ይኸው አዋጅ አንድ መረጃ ሐሰተኛ ተብሎ እንዲያስጠይቅ ሐሰት መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ፣ አሰራጩ ሐሰትነቱን ማወቁ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆኑና ንግግሩ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ አብሮ እንዲታይ ደንግጓል። ይሰረዝልን ባዮች ይህን ሁሉ ለጠበቆች ትተው 24 ሰዓት የምትለዋን ብቻ በቃላቸው አጥንተዋል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ቢያሰራጭ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊደርስ እንደሚችልም ያውቃሉ፤ ተከታዮቹ 4,990 ሲደርሱ በሩን የዘጋ አንድ ጥንቁቅ ሰው አውቃለሁ፤ ዐሥሯን ለእንግዳ ነው ያስቀራት።

ጥበቡ የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ግልጽ የሆነ ሕገ ወጥ ጽሑፍን በ24 ሰዓት ውስጥ የማያነሡ ትልልቅ ኩባንያዎችን እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ልትቀጣ ዛተች፤ ንጹሑን ጽሑፍ በስሕተት ለሚሰርዝ ግን አንድ ሳንቲም ቅጣት አላስቀመጠችም። ስሌቱን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም፤ መተው የሚያስቀጣ፣ መሰረዝ ግን በነጻ ከሆነ የተጠራጠረ ሁሉ ይሰርዛል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 ተመሳሳዩን ሞክራ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ግን ሕጉ ኩባንያዎችን የተጠቆመውን ሁሉ ወደ መሰረዝ ይገፋል ብሎ ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሳይተገበሩ ሻራቸው። ይሰረዝልን ባዮቻችን ይህን ቢሰሙ ምክር ቤቱን ራሱን ሪፖርት ያደርጉት ነበር።

የእኛ ሰፈር አድሚን ጀርመንን አያውቋትም፣ ፍልስፍናዋ ግን ገብቷቸዋል። ከፎቶው በኋላ ስለ ውሃ መጻፍን ከለከሉ። ማግስቱን አንድ ነጋዴ ጀሪካን በቅናሽ እንደሚሸጥ ቢያስተዋውቅ «ቀስቃሽ ዕቃ» ተብሎ ተሰረዘበት፤ ነጋዴው «ቢጫ ዕቃ» ብሎ ቢመለስ ቢጫም ታገደ። በዚህ ምክንያት የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች በቢጫ ቀሚሳቸው ጠፉ፤ አንድ ሕፃን የሣላት አደይ አበባም ለሁከት የተዘጋጀች መሆኗ ተደርሶባት ተነሣች። «እንደምን አደራችሁ» ብለው የጻፉ አዛውንት ሳይታጠቡ ያደሩትን ለማሳጣት ነው ተብለው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። በዚህ መካከል በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ አንድ ሰው የሚከተለውን አበረከቱ፦

ለፈጠረን ጌታ ይድረሰው ምስጋና፣
ከቧንቧችን ዙሪያ ጠብ ጠፍቶልናልና።

አድሚናችን በደስታ ከሁሉ በላይ ሰቀሉት፤ «የሰላም ሰው ማለት እንዲህ ነው» የሚል አድናቆትም ጨመሩበት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ስልኩን እያየ ሲፈነድቅ እርሳቸው ሕዝቡ በሰላም ወሬ ተደሰተ ብለው አብረው ፈነደቁ። በአራተኛው ቀን ጃንተከል ዋርካ ሥር አንድ ይሰረዝልን ባይ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ግጥሙ ወዲያውኑ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጽሑፍ ወርቁ ተፈትሾ እንዲያልፍ ተወሰነና አንድ መሪጌታ ተለምነው መጡ። መሪጌታውም እንደ ሙያቸው ወርቅ ያላገኙበት ጽሑፍ አልነበረም፤ ከእድር መዋጮ አገኙ፣ ከጠፋች ፍየል ማስታወቂያ አገኙ፣ በመጨረሻም አድሚኑ ራሳቸው «ቡድናችን ታጥቦ ጸድቷል» ብለው የለጠፉትን አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው «በምን ታጠበ ቢሉዎት ምን ሊመልሱ ነው?» አሏቸው። አድሚናችን የራሳቸውን ማስታወቂያ በራሳቸው ጣት ሰረዙ። የከተማችን ውሃ የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ ግን ከዚህ ሁሉ ስረዛ አንድ ጀሪካን እንኳ አልጨመረልንም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ላቁም። በጥቅምት 2014፣ አዋጁ ከጸደቀ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ሲወነጀሉ ሰንብተው ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አባቱ ከመገደላቸው በፊት ጽሑፎቹ እንዲነሡ ጠቁሞ ነበር፤ በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ ያቀረበውን ክስም ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ይዞ ሄዷል። ያን ጊዜ 24 ሰዓቱ የት ነበር? በየቀኑ ሪፖርት የሚያዘንበው ጣት የት ነበር? ለሰው ነፍስ ያልደረሰ ሕግ ለባለሥልጣን ፊት መቅላትና ለባዶ ጀሪካን ሲደርስ በሰዓቱ መድረሱን እንዴት ብዬ ላመስግነው? ሰውን በዘሩ ግደሉት የሚለው ጽሑፍ መነሣት አለበት፤ ይህን የማይል ሰው የለም፤ ነገር ግን ግደሉት የሚለውንና ውሃ አጣን የሚለውን በአንድ ቅርጫት የሚጥል እጅ ለሟቹ አዝኖ አያውቅም።

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ እንደሚከለክል የሚያስታውስ ሰው ሲገጥማቸው ይሰረዝልን ባዮች አይደነግጡም፤ የተከለከለው የቅድሚያው ነው፣ የእኛ ከወጣ በኋላ ነው ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ አሁን በሥልጣን ላይ ያለው ወገን የእኛ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ነገ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያንኑ ማጥፊያ እንደሚያነሣ ሲነገራቸው በትዕግሥት ፈገግ ይላሉ።

ለእነርሱ የምኞታቸው ጫፍ የሐምሌ 2015 መጨረሻ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ከጎንደር ሰው ስልክ በዳታ አንድም የጥላቻ ንግግር አልወጣም፣ አንድም ሐሰተኛ መረጃ አልተሰራጨም፤ የታመመ ሰው ዜና፣ የመድኃኒት ጥያቄና የልጅ ሰላምታም አብረው ቀሩ እንጂ እንዲህ የጸዳ ዘመን አይተን አናውቅም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ እኛ የዘመዶቻችንን ደኅንነት ስንጠያየቅ እነርሱ በዚያ ሁሉ ወር ያመለጣቸውን ሪፖርት ማካካስ ጀመሩ።