አምባዛውን የፈራው ማን ነው?

ዮካይ የሚባሉት የጃፓን ተረት ፍጥረታት ዛሬ በየአገሩ የሚታወቁት በካርቱንና በቁልፍ መያዣ ነው። አናቱ ላይ ውሃ ይዞ የሚዞረውና ኪያር የሚወደው ካፓ፣ አንድ ዓይን አውጥቶ በአንድ እግሩ የሚዘለው አሮጌ ጃንጥላ፣ ሁሉም ያስቃሉ። ሰዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልክ የዕፅዋት መዝገብ እንደሚያዘጋጅ ሰው፣ ከዮካይ ብዙዎቹን በየገጹ አንድ በአንድ ስሏቸዋል። መዝገቡ ያምራል። እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚህ ፍጥረታት ሲቆጡ ነው።

ኖቬምበር 11 ቀን 1855 ሌሊት የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የያኔዋ ኤዶ፣ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ሺዎች ሞቱ፣ እሳቱም ሰፈር ከሰፈር በላ። በሕዝቡ እምነት ከምድር በታች ግዙፍ አምባዛ ተኝቷል፤ የካሺማ አምላክ በትልቅ ድንጋይ ራሱን ተጭኖ ካልያዘው ይወራጫል፣ አገርም ይናወጣል። አደጋው የደረሰው ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር በአሥረኛው ወር፣ አማልክት ሁሉ ለስብሰባ ኢዙሞ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ በሚባልበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ዘበኛው ሥራ ላይ አልነበረም ማለት ነው! ይህን ቀልድ የኤዶ ሰው አስከሬን ሳይነሳ ጀመረው።

በቀናት ውስጥ የአምባዛ ሥዕሎች በእንጨት እየተቀረጹ ታትመው ገበያ ወጡ። የሰዓሊ ስም የለባቸው፣ የሳንሱር ማኅተም የለባቸው። በአንዱ ላይ ሕዝቡ አምባዛውን ከቦ ይቀጠቅጠዋል፤ ሊያስጥሉት ከዳር የሚሮጡት የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ለምን አይሮጡ? ከተማው ሲፈርስ አናጺ፣ ለሳኝና እንጨት ነጋዴ እንጀራው ሞልቶለታል። በሌላው ላይ ባለጠጋው ያከማቸውን የወርቅ ሳንቲም ያስታውካል፣ ድሃው ከሥር ይለቅማል። ያው አውሬ ገዳይም ነው፣ ሀብት አከፋፋይም። ፍርሃትንና የዋጋ ንረትን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ያገናኘ ሌላ ሥዕል እኔ አላየሁም። ያኔ ጃፓንን የሚገዛው የጦር አለቃ፣ የሾጉኑ፣ መንግሥት ቀልዱ ገብቶታል፤ ሁለት ወር ገደማ ታግሦ ሥዕሎቹን አገደ፣ የማተሚያ ቅርጾቹም እንዲወድሙ አዘዘ።

ከዚያ በፊት በ1846 የወጣ ሌላ ወረቀት አለ። አማቢዬ የተባለች፣ ጠጉሯ ረዥም፣ አፏ እንደ ወፍ፣ ገላዋ ቅርፊት የለበሰ ፍጥረት ሂጎ በሚባል የጃፓን ግዛት ባሕር ላይ ስታበራ ታየች ይላል። ለስድስት ዓመት ጥሩ ምርት እንደሚኖር፣ ወረርሽኝም እንደሚመጣ ተናግራ፣ «መልኬን ስላችሁ ለሰው አሳዩ» ብላ ጠለቀች። በ2020 ኮሮና ሲገባ ጃፓናውያን አስታወሷት፤ በየማኅበራዊ ገጹ ተሳለች፣ በኬክና በጭንብል ላይ ወጣች፣ የጤና ሚኒስቴርም የጥንቃቄ ፖስተሩ ላይ አወጣት።

ቤት ተዘግቶበት ለተጨነቀ ሰው ይህ መጽናኛ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ልዩነቱ ይታይ፦ በ1855 መንግሥት አውሬውን አሳደደው፣ በ2020 ቀጠረው። ባለፖስተሯ አማቢዬ ቫይረሱን አታሰራጩ ብላ ትመክራለች፤ አምባዛው ቢሆን መጀመሪያ የጭንብል ነጋዴዎቹን ሂሳብ ይጠይቅ ነበር።