«ዊዝ ዩ» ስላልኩ ባለጌ ተባልኩ

ዛሬ ይሄን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምሠራው ሜሪላንድ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ከማያቸው አንዷ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስገባ ቁርሳቸውን አልነኩትም፤ እንባቸው ይወርዳል። ደነገጥኩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና «ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ?» አልኳቸው። በልቤ «ምን ሆኑብኝ፣ እማማ?» ማለቴ ነበር።

እጃቸውን ነጥቀውኝ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሰዓት አለቃዬ ጠራችኝ። ቤተሰብ ቅሬታ አቅርቧል። አክብሮት የጎደለው ንግግር ተናግራለች የሚል ወረቀት አስፈረመችኝ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት ብላት መልስ የለም። የነገረችኝ ማታ እቤት ልጄ ናት። «ዋት ኢዝ ሮንግ?» ብቻ ብል «ምን ሆነው ነው?» ይሆን ነበር። «ዊዝ ዩ» ሲጨመርበት ግን «ምን ነክቶሻል አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ?» ተብሎ ይሰማል። «ዋትስ ዘ ማተር»ም ያው ነው፤ ብቻውን ደህና ነው፣ «ዊዝ ዩ» ሲከተለው ግን ይከፋል። ለዚች ነው እንግዲህ ክብር የማታውቅ የተባልኩት። እኔ! አንቱታ አፌን የፈታሁበት ሰው!

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። ግስ ብሳሳት ይገባቸዋል፤ ቋንቋው ገና ነው ብለው ያልፉኛል። ይሄኛው ግን ሰዋስዉ ልክ ነው። ልክ ስለሆነ አስባበት ተናገረች ይባላል። ስህተቱ የቋንቋ መሆኑ ይቀርና የጠባይ ይሆናል።

እኛ እኮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። መስተዋድድ ግን ባዶ ቦታ መሙያ ነበር። ኢን፣ ኦን፣ አት፤ አንዱን ምረጥ። «አፍሬድ» ካለ «ኦፍ»፣ «ኢንተረስትድ» ካለ «ኢን»። ሸመደድን፣ አለፍን። «ሻውት ቱ» ራቅ ያለን ሰው መጣራት፣ «ሻውት አት» ደግሞ ሰው ላይ መጮህ መሆኑን ማን ነገረን? ድንጋይ «ቱ ሂም» ከወረወርክ እያቀበልከው ነው፤ «አት ሂም» ካልክ ልትፈነክተው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ከባድ አልነበረም እኮ! «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ያለን ሰዎች ነን። በአንዲት ፊደል አንዱ አሸንፎ ይወጣል፣ ሌላው ወህኒ ይወርዳል። «ስልኩን ዘጋብኝ» እንላለን፤ እነሱም «ሀንግ አፕ ኦን ሚ» ይላሉ። መኪናችን መንገድ ላይ «ቆመብኝ» ስንል የነሱ «ዳይድ ኦን ሚ» ነው። «ኦን ሚ» ማለት የኛዋ «ብኝ» ናት። አንድ አስተማሪ አንድ ቀን ይቺን ቢለን ምን ነበረበት?

«ፎር ሚ»ንማ አታንሱብኝ። ነርሶቹ ቀኑን ሙሉ «ሲት አፕ ፎር ሚ»፣ «ቴክ ኤ ዲፕ ብሬዝ ፎር ሚ» ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማው፣ ሰው ለነርስ ብሎ ነው እንዴ የሚተነፍሰው እል ነበር። ለካ «ልኝ» ናት። «ቀና በሉልኝ»፣ «ተንፍሱልኝ» ማለታቸው ነው። «ሲት አፕ» ብቻውን ትእዛዝ ነው፤ «ፎር ሚ» ስትከተለው ልመና ትሆናለች። እናቴ ታምሜ እህል አልበላ ስል ጉርሻውን ይዛ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ብይልኝ» የምትለኝ ማለት ነው። ሰውን የማባበያው ቃል በገዛ ቋንቋዬ ነበረኝ። ከእንግሊዝኛው ጋር ያገናኘልኝ ግን አልነበረም።

ትናንት ተራዬ ደርሶ እኚያ እናት ጋ ገባሁ። ኦትሚላቸው ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ማንኪያውን አነሳሁና «ጀስት ኤ ሊትል፣ ፎር ሚ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ አራት ማንኪያ በሉልኝ።

የፈረምኩት ወረቀት ግን አሁንም ፋይሌ ውስጥ ነው።