ስማችንን የሚያዛባው ሶፍትዌር አይደለም

ሰሞኑን ጎጃም ውስጥ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ቢሮ የወጣ ደብዳቤ ከተማሪ ተማሪ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ከዚህ ዓመት ጀምሮ የመመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ብቻ ይገባል፤ ዋቢ ዝርዝሩም በእጅ ይተየባል። በላቴክ ወይም በማርክዳውን (ጽሑፍን በምልክት እያዘዙ ለኅትመት ማዘጋጃ መንገዶች ናቸው) ጽፎ ዋቢውን በፕሮግራም ያወጣ ተማሪ ሁሉንም እንደገና ሊለቅም ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ፕሮግራሞቹ የኢትዮጵያውያንን ስም ያዛባሉ ይላል ደብዳቤው።

ይኸው ቢሮ ለተማሪ የሚያድለው የአጻጻፍ መመሪያ ኤፒኤን (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን የዋቢ አጻጻፍ ስልት) ተከተሉ ይላል። ኤፒኤ ደግሞ የአባትን ስም ያስቀድምና የደራሲውን የራሱን ስም ወደ መጀመሪያ ፊደሉ ያሳጥራል። የጎጃምን ታሪክ የጻፉልንን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን በዚህ መመሪያ መሠረት በእጅ የተየበ ተማሪ «ዋቅጅራ፣ አ. ተ. ኢ.» ብሎ ያስገባል። ማዕረጋቸው ስም ሆነ፣ አንዱ ስማቸው ለሁለት ተቆረጠ፣ ሰውየው በማይታወቁበት በአባታቸው ስም ተጠሩ። ይህን ያደረገው ፕሮግራም ሳይሆን የቢሮው መመሪያ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ፕሮግራሙ በበኩሉ የሚሠራው የተነገረውን ነው። ቢብ ፋይል (የምንጮች ዝርዝር የሚቀመጥበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ውስጥ የደራሲው መስክ በአንድ ጥንድ ጥምዝ ቅንፍ ሲታጠር፣ የላቴክ ዋቢ አውጪ የሆነው ቢብቴክ በክፍት ቦታ ይቆርጥና የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። በሁለት ጥንድ ሲታጠር ግን ውስጡ ያለው አንድ የማይነጣጠል ስም ነው ማለት ነው፤ አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም። መፍትሔው ይኸው ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ምልክት። ዞቴሮ የተባለውን የምንጭ ማደራጃ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ሁለቱን የስም ሳጥኖች አንድ ያደርጋል፤ ቤተር ቢብቴክ የተባለው የዞቴሮ ቅጥያ ቢብ ፋይሉን ሲያወጣ ድርብ ቅንፉን ራሱ ያስገባዋል። ማርክዳውንን ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል በሚለውጠው በፓንዶክ፣ ያምል በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ በተዘጋጀ ዝርዝር ደግሞ ስሙ «ፋሚሊ» እና «ጊቨን» ተብሎ ከመከፈል ይልቅ «ሊተራል» በሚለው መስክ ሙሉውን ይቀመጣል።

ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች ሌላ ቦታ ናቸው። ደራሲዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ቢብቴክ የሚለያቸው በላቲን ፊደል በተጻፈችው የእንግሊዝኛ «ኤንድ» ብቻ ነው። እዚያ «እና» የጻፈ ወይም በነጠላ ሰረዝ የለየ ሰው ሦስት ደራሲዎችን አንድ ረጅም ስም ያደርጋቸዋል። ድርብ ቅንፉም ለእያንዳንዱ ስም ለየብቻ እንጂ ለሁሉም በጅምላ አይሆንም። ማዕረግ በስሙ ውስጥ ከገባ አለቃውም አቶውም አባውም «አ» ሥር ይከማቻሉ፤ ማዕረጉን ማስቀረት የማይፈልግ በባይብላቴክ (አዲሱ የላቴክ የዋቢ ጥቅል ነው) «ሶርትኔም» በሚባለው መስክ ያለማዕረግ ይጻፈው። አንዳንዱ ደግሞ ብልሃት ያገኘ መስሎት የራስን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የአባትን በሌላው ቦታ ያስገባል። ኤፒኤ ላይ ደህና ይመስላል፤ ስም የማይገለብጥ ስታይል (የዋቢ አጻጻፍ ስልት) ሲመረጥ ግን «ዋቅጅራ ተክለ ኢየሱስ» ብሎ ያትመዋል። ይህን አታድርጉ።

ደብዳቤው ከእውነት ጋር የሚገናኝበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ። ቢብቴክ በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የዩኒኮድ ፊደላት በፋይል በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አሮጌው ቢብቴክ ስም ሲያሳጥር የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ይህ ችግር ከተፈታ ቆይቷል። ባይብላቴክን የቢብቴክ ምትክ ከሆነው ከቢበር ጋር፣ ሰነዱን ዩኒኮድ በሚያነቡት የላቴክ ዓይነቶች በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ፣ ፎንቱን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ማድረግ ይበቃል። ፓንዶክ ደግሞ ከ2.11 እትሙ ወዲህ ዋቢ ዝርዝር የሚያወጣውን መሣሪያ በውስጡ ይዟል። የአርባ ዓመት ፕሮግራም ጉድለት ይዞ ዛሬ ላሉት ሁሉ ክልከላ ማውጣት ስንፍና ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ደብዳቤውም መመሪያውም ዝም ብለዋል። የኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ያንሳል፤ በእጅ በተተየበ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ሲደባለቁ አንባቢ የሚለይበት መንገድ የለውም። በባይብላቴክ «ዴት» የሚለው መስክ ውስጥ ዓ.ም. ከተጻፈ ቢበር ቀኑን አይቀበለውም፤ «ይር» በሚለው ውስጥ «1958 ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍ ማስጠንቀቂያ ቢያወጣም ያትመዋል። ያኔ ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስ «ሶርትይር» ላይ የፈረንጁን ዓመት መጨመር ነው።

በእጅ መተየብ ከስህተት ይጠብቃል የሚለው እምነት ከምን እንደመጣ አይገባኝም። «ኃይሉ» ምዕራፍ አንድ ላይ፣ «ሀይሉ» ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ «ሃይሉ» ዋቢ ዝርዝሩ ላይ የሚሆነው በእጅ ስለተተየበ ነው። በቢብ ፋይል አንድ ጽሑፍ አንድ መዝገብ፣ አንድ መዝገብ አንድ ሆሄ ነው፤ እዚያ ከታረመ በሁሉም ገጽ ይታረማል። ጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሶ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ምንጭ ሲኖር ፓንዶክ ቁልፉን አድምቆ ከጥያቄ ምልክት ጋር ያትማል፣ ማስጠንቀቂያም ያወጣል። ወርድ ላይ በእጅ የተተየበው ግን ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት እስከሚከላከልበት ቀን ድምፅ የለውም፤ ከዚያ ፈታኙ በተማሪው ላይ ይጮሃል።

ይህን ሁሉ ጎጃም ላይ ሆነን እንደምንነጋገርም አይረሳ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ማጣቀሻውን ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሁለት መቶ መዝገብ ያለው ቢብ ፋይል ግን ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም፤ በፍላሽ ከደብረ ማርቆስ እንጅባራ ይሄዳል፣ በየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር በኖትፓድ ይከፈታል።

አማካሪዎች ወርድ ይፈልጋሉ የሚለው ክርክር እውነት ነው። መምህራን እርማታቸውን ወርድ ላይ መጻፍ ለምደዋል፣ ፓንዶክም በአንድ ትእዛዝ ወርድ ፋይል ያወጣላቸዋል፤ እርማቱን ወደ ዋናው ጽሑፍ መልሶ ማስገባት ግን የተማሪው የእጅ ሥራ ነው፣ አድካሚም ነው። ይህን ድካም የሚሸከመው ፈቅዶ የመረጠው ተማሪ ስለሆነ ቢሮውን የሚያስከለክለው ነገር የለም።

ደብዳቤው ይነሣ። በቦታው አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣ፤ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥና ሳይቆረጥ እስከነአባት ይጻፍ፣ ዓመቱ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ይገለጽ፣ ተማሪው ከጽሑፉ ጋር ቢብ ፋይሉንም ያስገባ። ቢሮው ይህን የሚያወጣ ስታይል ፋይል አንድ ጊዜ አሠርቶ «እና ሌሎች»ን፣ «ገጽ»ን በአማርኛ ካስገባበት ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለሁሉም ማደል ይችላል።