ጭንቅላት ያለ ቢላ ለሁለት ለሚከፍሉ የቀረበ ምስጋና

ሮጀር ስፔሪ የሚባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት የኖቤል ሽልማት እስኪያገኝ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረበት። የሚጥል በሽታ አልለቅ ብሏቸው፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል በቀዶ ሕክምና የተቆረጠላቸውን ሰዎች ዓመታት ሙሉ ሲመረምር ኖሯል። ምስኪን! ያ ጥቅል ኮርፐስ ካሎሰም ይባላል፤ 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች አሉት። ሰውን «የግራ አንጎል ሰው»፣ «የቀኝ አንጎል ሰው» እያሉ የሚመድቡት የእኛ አሰልጣኞች ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆርጠው ይጨርሱታል። ቢላ የለ፣ ማደንዘዣ የለ። አንድ ፕሮጀክተር፣ ሻይ በብስኩት፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጭንቅላቱ ለሁለት ተከፍሎለት በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ስላይዱን ሳታዩት አትቀሩም። በግራ በኩል ግራጫ አንጎል፣ ላዩ ላይ ቁጥርና ካልኩሌተር። በቀኝ በኩል ቀለም የተደፋበት አንጎል፣ ከውስጡ ጊታርና ቢራቢሮ ይወጣል። እኔ የተገኘሁበት አዳራሽ ውስጥ አሰልጣኙ «ጣቶቻችሁን አቆላልፉ» አለን። አቆላለፍን። «የግራ አውራ ጣታችሁ ከላይ የሆነ፣ እናንተ የቀኝ አንጎል ሰዎች ናችሁ፤ የፈጠራ ሰዎች!» ጭብጨባ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሒሳብ ክፍል የሠሩ ናቸው። ቀስ ብለው ጣታቸውን ፈቱና የግራውን ወደ ላይ አድርገው መልሰው አቆላለፉ።

«ልጄ፣ አሁንስ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አሁን አርቲስት ሆነዋል፣ እትዬ» አልኳቸው።

ይህን የመሰለ ፈጣን ሕክምና የትም አገር የለም።

ጥቅሙ ደግሞ! ድሮ የተበደረውን የረሳ ሰው ስሙ ቀጣፊ ነበር። ዛሬ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የቀኝ አንጎል ሰው ነኝ፣ ቁጥር አይያዝልኝም» ብሎ በክብር ያልፋል። (ያበደረው ግን እስከ ሳንቲሟ አይጠፋውም፤ ይህን ሳይንስ ያጥናው።) ቀጠሮ ላይ ሁለት ሰዓት የሚያረፍደው ክሪኤቲቭ ነው። ሚስቱ ስታለቅስ ስልኩን የሚነካካው ደግሞ የግራ አንጎል ሰው ስለሆነ ስሜት ብዙም አይገባውም። መንግሥትም ከዚህ ጥበብ አልራቀም፤ የዩኒቨርሲቲ ቅበላን 70 እጅ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጅ ለማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ሲደለድል የአገሪቱን ጭንቅላት በሙሉ አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ጣት ያቆላለፈ ይመስል ነበር።

ነገር የሚያበላሹት ተመራማሪዎች ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1,000 በላይ የአንጎል ምስሎች መረመሩ። አንዳንድ ሥራዎች ወደ አንድ ጎን ማድላታቸውን አዩ፤ ጠቅላላ አንጎሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያጋደለ ሰው ግን አላገኙም። ያን ሁሉ የኤምአርአይ ወጪ አውራ ጣት በማየት ማዳን ይቻል ነበር።

በአንድ ነገር አሰልጣኞቻችንን መካድ አይቻልም፤ ቋንቋ በእርግጥ ወደ ግራ ያደላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ «ታን» ከማለት በቀር ቃል የማይወጣው በሽተኛ ሲሞትበት አንጎሉን ከፍቶ ጉዳቱን ያገኘው በግራው የፊት ክፍል ነው። በቀኝ እጃቸው ከሚጽፉ ሰዎች 95 ከመቶ ገደማ፣ ከግራኞችም አብዛኞቹ፣ የንግግር ዋና ሥራቸው በግራ በኩል ነው። እንግዲህ አሰልጣኛችን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ግራ አንጎልን ሲያማ፣ ያማው በራሱ በግራ አንጎል ነው። ሐሜት እንዲህ ፊት ለፊት ሲሆን እንዴት ደስ ይላል።

የቀኙ ሥራ ግን ከቢራቢሮ ይከብዳል። ቀኝ አንጎላቸውን ስትሮክ የመታቸው አንዳንድ ሰዎች ዓይናቸው ደህና ሆኖ በግራ በኩል ያለውን ዓለም ልብ አይሉትም፤ ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በልተው አለቀ ይላሉ፣ የፊታቸውን ግማሽ ላጭተው ይወጣሉ። የድምፅ ቃና፣ ቀልድና ሽሙጥ መረዳትም ብዙ ጊዜ ይቸግራቸዋል። ቃሉ ይገባቸዋል፣ የተባለበት ነገር ግን ያመልጣቸዋል። ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች የዚህን ዋጋ እናውቃለን፤ ቅኔ በግማሽ ጭንቅላት አይዘረፍም፣ በግማሽ ጭንቅላትም አይፈታም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የስፔሪ ተማሪ የነበረው ማይክል ጋዛኒጋ ያደረገውን ነው። አንጎሉ ለተለያየበት ሰው፣ ለግራው ክፍል ብቻ የዶሮ እግር፣ ለቀኙ ብቻ በረዶ የሸፈነው ቤት አሳየ። ከዚያ ከሥዕሎች መካከል የሚዛመደውን እንዲመርጥ ጠየቀው። በግራ አንጎል የሚታዘዘው ቀኝ እጁ ዶሮ መረጠ። በቀኝ አንጎል የሚታዘዘው ግራ እጁ አካፋ መረጠ፣ በረዶ ሊዝቅበት። የሚናገረው ግራ አንጎል ግን በረዶውን አላየም። «አካፋው ለምን?» ሲባል «አላውቅም» አላለም፤ ቅንጣት ሳያመነታ «የዶሮ ቤት መጥረጊያ ነዋ!» አለ። ውሸታም አልነበረም፤ የተናገረውን አምኖበታል። ራሱንም እንደ ሁለት ሰው አይቆጥርም። ግራ አንጎል፣ እንደ ጋዛኒጋ አባባል፣ አስተርጓሚ አለው፤ ባላየውም ነገር ላይ ወዲያው ምክንያት ይሠራል።

በሻይ ዕረፍት ላይ አሰልጣኙን ጠጋ አልኩትና «ግጥም እጽፋለሁ፣ አውራ ጣቴ ግን የቀኙ ነው ከላይ የሚሆነው፤ ይህ እንዴት ነው?» አልኩት።

ብስኩቱን እንኳ አልዋጠም። «ቀኝ አንጎልዎ በልጅነትዎ ተጨቁኖ ተደብቋል፤ ሁለተኛው ዙር ሥልጠና እሱን ማውጫ ነው። ምዝገባው ሰኞ ይጀመራል።»