ቢራ የጾም ነው፣ የምርጫ ግን አይደለም

ባንኮክ የሄድነው ልብስ ልንገዛ ነው። ማለቴ ጓደኛዬ ሊገዛ፣ እኔ ደግሞ "አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ" ተብዬ። ጊዜው ግንቦት 2015 ነው። በነሱ አቆጣጠር 2566። እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረን እያልን ስንቀልድ እነሱ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ቀድመው ሄደዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሆቴል ስንወጣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ነገ ምርጫ ስለሆነ ዛሬ ከ"ሲክስ" ጀምሮ መጠጥ አይሸጥም አለችን። ጓደኛዬ ምንም አልመሰለው። "በየቀኑስ የሚያቆሙት በስድስት አይደል?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያኔ እዚያ ሱቅ መጠጥ የሚሸጠው ከቀኑ 5 እስከ 8፣ ከዚያ ደግሞ ከ11 እስከ ሌሊቱ 6 ነበር። እኔም አስተርጓሚ ተብዬው አልነቃሁም።

ፕራቱናም ገበያ ጂንስ ስንቆጥር ዋልን። ሙቀቱ ሌላ ነው። ጓደኛዬ በዋጋ ሲከራከር እንኳ ልቡ ማታ የሚጠጣት ቀዝቃዛ ቢራ ላይ ነው፤ "ቶሎ ጨርሳትና እንውጣ" ይለኛል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ተጣጥበን ዘና ብለን ወጣን። እስከ ስድስት ገና አራት ሰዓት ይቀረናል። ሱቅ ስንገባ ግን የቢራው ፍሪጅ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ጓደኛዬ ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ቻንግ የሚባለውን የአገሩን ቢራ ሁለት አወጣና ካሸሯ ፊት አቆማቸው።

"ኖ፣ ኖ፣ ኢሌክሽን" አለች።

"ሲክስ!" አለ ጓደኛዬ ስልኩን እያሳያት።

"ሲክስ!" አለች እሷም እዚያው ስልክ ላይ እየጠቆመች።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ ታዮች ከምሽቱ 1 እስከ 5 ያለውን ሰዓት በድሮው ልማዳቸው ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ማታ 2 ለነሱም 2 ነው። 12ን ግን 6 ይሏታል። ከሰዓት ሁሉ መርጠው የተለዩን በቢራዋ ሰዓት!

ሕጉ ከቅዳሜ ምሽት 12 እስከ እሁድ ምሽት 12 ነው። የሸጠ እስከ ስድስት ወር እስር ወይ እስከ 10,000 ባህት ቅጣት አለበት፤ ሁለቱም ሊደርሱት ይችላሉ። ምክንያቱ አይገባኝም አልልም። ሰክሮ ምርጫ ጣቢያ የሚደባደብ አለ፣ በጠርሙስ ድምፅ የሚገዛ እጩም አለ። ግን እኔን ቢራ አጠጥቶ ማን ምን ያተርፋል? ድምፅ የለኝ! የአገሬው ሰውማ አርብ በካርቶን ገዝቶ ቤቱ አስገብቷል፤ የተከለከለው መሸጥና ማደል ነው እንጂ ቤት ቁጭ ብሎ መጠጣት አይደለም። ጉሮሮው ደርቆ ያደረው መምረጥ የማይችለው እንግዳ ብቻ ነው። ሕንድ ብንሆን ደግሞ 48 ሰዓት ነበር፣ ተመስገን ነው።

መሸታ ቤት የሞላበት ናና ሰፈር ስንደርስ ፈረንጆቹ መንገድ ለመንገድ ይንከራተታሉ። ቢራ ያጣ ፈረንጅ አንጀት ይበላል። እኛ እንኳ መከልከል ለምደናል፣ 55 ቀን ሁዳዴን የምንጾም ሰዎች ነን አልኩና ወዲያው አፈርኩ። ቢራ የጾም ነዋ! ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ግሮሰሪው ክፍት ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ዕድሜ ልካችንን ስንከራከር ቢራን አንድም ቀን አላነሳንም። እንዲህ ያለ ጾም ለኛም አዲስ ነው።

አንድ ረዥም እንግሊዛዊ ጠጋ ብሎ፣ እዚያ ጥግ ያለው ቤት "ሻይ" ብላችሁ ካዘዛችሁ በሻይ ስኒ ይቀዱላችኋል አለን በሹክሹክታ። ሄድን። ጓደኛዬ "ሻይ" ብሎ ጠቀሰ። አስተናጋጁም መልሶ ጠቀሰው። የመጣው ሻይ ነበር።

መጨረሻ ላይ ያው ሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቷ ገና ፊታችንን ሲያዩ ገባቸው። "ምነው ልጆቼ፣ ልታስቀጡኝ ነው? ኑ፣ ቡና ላፍላላችሁ።" አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በዚያ ሰዓት! እስኪነጋ ጣሪያ ላይ አፍጥጠን አደርን። ጓደኛዬ በጨለማው ውስጥ "ሁለተኛ በነሱ ሰዓት አልናገርም" ብሎ ማለ።

እሁድ ምርጫው በሰላም አለቀ። በ500 ወንበር ምክር ቤት 151 ያገኘው "ሙቭ ፎርዋርድ" የሚባል ፓርቲ አንደኛ ወጣ። ሆኖም ሕዝቡ ያልመረጣቸው 250 ሴናተሮችም ድምፅ ነበራቸውና መሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይሆን ቀረ፤ ከሦስት ወር በኋላ ወንበሩ ለሌላ ፓርቲ ሰው ሄደ። መራጩ እንኳ አልጠጣም ነበር።

ወደዚያች እሁድ ስንመለስ፣ ምርጫ ጣቢያው በ11 ይዘጋል፣ ቢራው በ12 ይከፈታል። ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ ፈረንጁ ሁሉ ስልኩን ይዞ ቆሟል፣ የፋሲካ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ እንደሚጠብቅ ሰው። ልክ ሲሞላ ገባን። አስተናጋጇ መጣች፣ እኔንና ጓደኛዬን አየት አደረገችና "ቱ?" አለች።

ጓደኛዬ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ሰዓት የምትጠይቀው መስሎታል።

"ኖ፣ ኖ! ትዌልቭ!" አለ ጮክ ብሎ።

ልጅቷ በጣም ደስ ብሏት ጻፈች። አሥራ ሁለት ቻንግ ጠረጴዛችን ላይ ሲደረደር ከጎናችን ያሉት ፈረንጆች ቆመው አጨበጨቡልን።