ላሟ ሰማይ ላይ ናት፣ ወተቷም እየመጣ ነው

አያቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ስንቱን ባለ ራእይ አሸማቀውታል! አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን «አዲስ አስተሳሰብ» ብለው እንቅስቃሴ ሲያቆሙበት፣ እኛ ሰማይ ላይ ያሰርናትን ላም መተረቻ አድርገናት ቀረን። እግዜር ይስጣቸውና የዛሬዎቹ የሀብት አሠልጣኞች «የስበት ሕግ» ብለው፣ አጥብቀህ ያሰብከው ሁሉ ወደ አንተ ይሳባል ብለው፣ አክብረው አወረዱልን። እንግዲህ ወተቱ ብቻ ነው የቀረው።

ይህን ሕግ እንደ ጓደኛዬ አጥብቆ የያዘ አላየሁም። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ገብቶ ሦስት ቅዳሜ ሠልጥኗል። ሥልጠናው በጸሎት ተከፍቶ በ«ዘር» ይዘጋል፤ ዘሩ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይዘራል። አጫጁ ማን እንደሆነ መጠየቅ «አሉታዊ ኃይል» ነው። (አሠልጣኙ የሚነዳትን መኪና ያየ ግን አዝመራው መያዙን አይጠራጠርም።)

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ አንበሳው ሐውልት ሥር ይቆማል። አንገቱን ቀና አድርጎ ከ200 ሜትር በላይ የተመዘዘውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ያይና ዓይኑን ይጨፍናል። «ያንተ ነው፣ ተቀበል!» ይላል ለራሱ። ቢሮው አርባኛው ፎቅ ላይ ነው፤ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር መርጧል። አንበሳው ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ከቆመበት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነው፤ እስካሁን ምንም አልደረሰውም። እምነት ቢያንሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው አቅራቢያ ማኪያቶ ይዘን ስለ ዕቁቡ ጠየቅኩት።

«ተውኩት» አለኝ። «ዕጣ የሚጠብቅ ሰው እኮ የለኝም ብሎ ያመነ ነው። ዩኒቨርስ ዕጣ አያወጣም።»

የዕቁቡ ዳኛ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ሳለ አስተናጋጇ ሒሳቡን አስቀመጠች። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሒሳብ ያየ ሒሳብ ይስባል ተብሎ ተምሯል። ሳያይ፣ በማንኪያው ጫፍ ወረቀቷን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋት። ከፈልኩ።

«አየህ? ማኪያቶ አስቤ ወጣሁ፣ ማኪያቶ ጠጣሁ!»

ምን ይባላል? ሕጉ ሠርቷል። የተሳበው የኔ ኪስ መሆኑ ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም። ገብርኤሌ ኦቲንገን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ያማረ ነገን ብቻ እያለሙ መቀመጥ ጉልበት እንደሚያላላ አሳይተዋል፤ የላይኛው የደም ግፊት ሳይቀር ዝቅ ይላል። እና ይሄ ነቀፋ ነው? አገሩ ሁሉ በግፊት ተይዞ ያለ ጨው በሚበላበት ዘመን፣ ቁጭ ብሎ ቪኤይት መኪና ማለም በነፃ ግፊት ካወረደ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ያስቸገሩት አከራዩ ብቻ ናቸው። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል አከራይተውታል፤ የሁለት ወር ኪራይ አልደረሳቸውም። እሱ ግን ባዶ እጁን አልሄደባቸውም። ቡና እየጠጡ «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ገንዘቡ እጅዎ ላይ እንዳለ አድርገው ይዩት። ቀድመው ያመስግኑ» ብሎ ከነአተነፋፈሱ አስተማራቸው። ሥልጠናውን በነፃ መስጠቱን ልብ በሉልኝ።

እሳቸውም ትምህርት የማይንቁ ሴት ናቸው። እሑድ ከሰዓት ሲመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ ውጪ ግድግዳ ተደግፏል። ከላዩ ላይ ቪላና መኪና ከመጽሔት ቆርጦ የለጠፈባት ካርቶን በጥንቃቄ ተቀምጣለች። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ምነው?»

«ልጄ፣ እንዳስተማርከኝ ዓይኔን ጨፍኜ ክፍሉን ባዶ አድርጌ አየሁት» አሉት ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ብገልጠው እውነትም ባዶ ነው። ተመስገን ነው መቼም።»